የስደተኛ ሕፃን ጥበቃ ምጽዋት ነውን ወይስ ዕዳ?

ምጽዋት የሚሰጥ ሰው ቢሰጥ ይመሰገናል፤ ባይሰጥም ወደ ዳኛ የሚወስደው የለም። ባለዕዳ ግን ቢከፍል አይመሰገንም፤ ባይከፍል ይፈረድበታል። እንግዲህ ከጦርነት ሸሽቶ ወደ ሰው አገር የገባ ሕፃን እንዳይገረፍ፥ እንዳይደፈር፥ ያለ ዕድሜውም እንዳይዳር መጠበቅ ከሁለቱ ከየትኛው ይቈጠራል?

ነገሩ በጋምቤላ ምድር በግልጥ ይታያል። በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ እጅግ ብዙ ሕፃናት ወደዚያ ተሰደዋል፤ ከእነርሱም አያሌዎቹ ያለ አባትና ያለ እናት ድንበር የተሻገሩ ናቸው። በብዙ አገር ልማድ ሕፃን ሲበደል አቤት የሚለው አባት ነው፤ ሽማግሎችም ካሣ ሲቈርጡ የሚቀበለው ዘመድ ነው። ዘመድ የሌለው ሕፃን ግን ቢመታ ማን ይጮኽለታል? ከሳሽ ያጣ በደል እንዳልተደረገ ይታለፋልና፥ ብቸኝነቱ ራሱ ሁለተኛ በደል ይሆንበታል።

አንዳንድ ሰዎች፦ «የአገሩ ልጅ ሳይጠግብ ስለ ባዕድ ልጅ ማሰብ ትርፍ ነው» ይላሉ። ይህ ስለ እንጀራ የተነገረ እንደ ሆነ ሊመዘን ይገባዋል፤ እንጀራ ሲካፈሉት ያንሳልና። ፍርድ ግን እንደዚህ አይደለም። በእንግዳው ሕፃን ላይ የተነሣው አለንጋ ቢከለከል ከአገሩ ልጅ ድርሻ የሚጐድል የለም፤ ባይከለከል ግን ደካማን መምታት የለመደ እጅ ወደ ጎረቤት ልጅ ለመሻገር አይዘገይም።

ሕግም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። በኅዳር 1982 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸደቀው የሕፃናት መብት ስምምነት፥ በ19ኛው አንቀጽ ሕፃን ሁሉ ከግፍ እንዲጠበቅ፥ በ22ኛውም ስደተኛው ሕፃን ጥበቃና ርዳታ እንዲያገኝ ያዝዛል። መንግሥት በሥልጣኑ ሥር ላለው ሕፃን ሁሉ ተጠያቂ ነው እንጂ፥ «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ከዕዳው ሊያመልጥ አይችልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ ጋብቻን ሲቀጣ የሙሽራይቱን አገር አይጠይቅም።

ነገር ግን ዕድሜው ያልተጻፈ ሕፃን ሕፃንነቱን በምን ያስረዳል? ስለዚህ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ የተወለዱ የስደተኞች ልጆች በወሳኝ ኩነት መዝገብ እንዲገቡ መደረጉ ታናሽ ሥራ አይደለም። ስሙና የልደቱ ቀን የታወቀለት ሕፃን በዳኛ ፊት ማስረጃ አለው።

መዝገብ ብቻውን ግን አይጮኽም። ሕግ ዘመድ ላጣው ዘመድ ቢሆን፥ ለሕግ አንደበት የሚሆነው በደሉን ያየ መምህር፥ ጎረቤትና ፖሊስ ነው። አይቶ ዝም ያለ ሰው ዕዳ ካደ እንጂ ምጽዋት አልነፈገም።