ወረንጦውን አስቀምጡት፣ ፎጣውን አሙቁት

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብለን የምንምል ሰዎች ነን። በዓይናችን እንምላለን እንጂ ለዓይናችን ብዙ አንጠነቀቅም። ጠዋት ሽፋሽፍታችን በዓይናር ተጣብቆ ሲያስቸግረን በጥፍራችን እንፍቀዋለን። የዓይናችን ቆብ ቀልቶ ሲበላን በእጃችን ጀርባ እናሸዋለን። ሲብስብን ደግሞ ከጎረቤት የተረፈ ጠብታ እንዋሳለን። ይህን ልማድ እንተወው።

በየቆባችን ጠርዝ፣ ከሽፋሽፍቱ ሥር፣ ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ ጥቃቅን የቅባት ዕጢዎች ተደርድረዋል። ቅባታቸው እንባችን ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። ይህ ቅባት ብርድ እንዳገኘው ቅቤ ሲረጋ የዕጢው አፍ ይደፈናል፤ ቆዳችን ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ይበዛሉ። ያኔ የቆቡ ጠርዝ ይቆጣል። ሐኪሞች ብሌፋራይቲስ ይሉታል። የራስ ፎረፎር ያለበት ሰው ለዚህ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል።

ምልክቶቹን ለመለየት መስተዋት ፊት መቆም ይበቃል። የሁለቱም ዓይን ቆብ ጠርዝ ይቀላል፤ በሽፋሽፍቱ ሥር ፎረፎር የመሰለ ቅርፊት ይይዛል። ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ያቃጥላል፣ ያለቅሳል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይብሳል። በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለምና የታመመውን ሰው አትሽሹት።

ሕክምናው ከቤት ይጀምራል። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ንጹሕ ፎጣ በሞቀ ውሃ ነክራችሁ ጭመቁና ሙቀቱን በክንዳችሁ የውስጥ ቆዳ ላይ ፈትኑ፤ የሚያቃጥል ከሆነ ይብረድ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያዙበት፤ ሲቀዘቅዝ መልሳችሁ አሙቁት። ከዚያ የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ፣ ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ እሹት፤ የረጋው ቅባት ይወጣል። በመጨረሻም ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የሕፃናት ሻምፑ ጨምሩና በጥጥ ጠርዙን ጥረጉ፤ ለየዓይኑ የተለየ ጥጥ ይኑራችሁ። ይህን ጠዋትና ማታ አድርጉት። ሲሻላችሁም በቀን አንድ ጊዜ ቀጥሉበት፤ ይህ ሕመም ተወኝ ሲሉት ይመለሳልና። ቆባችሁ እስኪድን ኩልና ማስካራ ይቆዩ፤ የኩል መኳያ መዋዋስ ግን ለሁልጊዜው ይቅር።

ምራቅ፣ የጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ አትጨምሩ፤ ሌላ ተሕዋስ ያስገባሉ። በግምት ከፋርማሲ የሚገዛ ጠብታም ከዚህ አይሻልም። ዴክሳሜታሶን ያለበት ጠብታ መቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ ያማልላል። ያለ ሐኪም ክትትል ለሳምንታት ሲወሰድ ግን የዓይንን ግፊት ሊጨምር፣ ግላኮማና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። የአንቲባዮቲክ ቅባት ካስፈለገ ባለሙያ ይዘዝላችሁ።

የቀላ ቆብ ሁሉ ግን በፎጣ አይድንም። ትራኮማ ከልጅነት ጀምሮ እየደጋገመ የቆቡን የውስጥ ክፍል ያቆስላል፤ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፤ ሽፋሽፍቱም ኮርኒያ የሚባለውን የዓይን መስታወት ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ይፍቃል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት 11.5 በመቶ ያህሉ በትራኮማ የመጣ ነበር። ብዙ እናቶች ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት ያሳልፋሉ። የተነቀለው መልሶ ይበቅላል፤ ስባሪው ደግሞ ይብስ ይቧጥጣል። የተቀለበሰ ቆብ የሚስተካከለው በማደንዘዣ በሚሠራ አነስተኛ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ታካሚው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። የተቀለበሰው ፀጉር ጥቂት ከሆነ ባለሙያው ራሱ ሊነቅለው ይችላል፤ ያንን የሚወስነው ግን እሱ ይሁን። ልጆቻችሁንም ፊታቸውን በየቀኑ እጠቧቸው፤ ዝንብ ትራኮማን የምታዛምተው በዓይናርና በንፍጥ ላይ እያረፈች ነውና።

ዓይናችሁ ክፉኛ ከታመመ፣ ብርሃን መቋቋም ካቃተው፣ እይታችሁ ከደበዘዘ፣ ቆቡ ሙሉ በሙሉ አብጦ ትኩሳት ካለው አንድ ቀን አታሳድሩት። በአንድ ቆብ ላይ ብቻ የማይድን እብጠት ወይም ቁስል ካለ፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ፣ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት።

እንግዲህ ዛሬ ማታ የራሳችሁን ቆብ በመስተዋት እዩ፤ ከዚያ የእናታችሁንና የአያታችሁን። ትራኮማ ቆባቸውን የሚቀለብስባቸው ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ናቸው፤ አንዱ ምክንያት ከሕፃናት ጋር አብዝተው መዋላቸው ነው። ወረንጦ በመቀነታቸው ቋጥረው የሚኖሩ እናት ካሉ «ለምጄዋለሁ» ቢሏችሁም አትመኗቸው። እጃቸውን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ አድርሷቸው።