ስምና ባለስሙ

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ሳይጠየቅ ከሚቀበላቸው ነገሮች አንዱ ስም ነው። ወላጆቹንና አገሩን እንዳልመረጠ ሁሉ፣ ዕድሜ ልኩን «አቤት» የሚልበትን ድምፅም አልመረጠም። ይሁን እንጂ ሌሎች ያወጡለት ይህ ድምፅ ውሎ አድሮ የአካሉ ክፍል ያህል ይሆንበታል፤ በገበያ ጫጫታ መካከል እንኳ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል። ዞር ሲል ግን የተጠራው እርሱ ሳይሆን ሌላ ሰው ሆኖ ያገኘዋል። እንግዲህ የእኔ ብቻ ነው ያልሁት ስም የሌላም ከሆነ፣ ከዚያ ሰው ጋር የምጋራው ምንድን ነው? ክብሩን እካፈላለሁን? ነውሩስ ይነካኛልን?

ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የቀረበ ሊመስል ይችላል። በእርግጥም በጨዋታ መልክ የሚያቀርቡት አሉ። ዛሬ በኢንተርኔት አማካይነት በሚሰራጩት፣ ፖድካስት በሚባሉት የድምፅ ዝግጅቶች፣ በሙያም ሆነ በኑሮ የማይገናኙ፣ ስማቸው ግን አንድ የሆነ እንግዶችን ጋብዞ ማነጋገር አንዱ የአቀራረብ ስልት ነው። አንደኛው ሐኪም፣ ሁለተኛው አናጢ፣ ሦስተኛው ዘፋኝ ሊሆን ይችላል። አድማጩ በግጥጥሙ ይስቃል። ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመለከተው ግን፣ ስለ ሰው ማንነት፣ ስለ ፍርድና ስለ ክብር የሚያስነሣው ጥያቄ ቀላል ሆኖ አናገኘውም።

አማርኛ ለዚህ ግንኙነት የራሱ ቃል አለው፤ ሞክሼ ይባላል። ሁለት ከበደዎች ሲተዋወቁ እርስ በርሳቸው «ከበደ» መባባሉን ይተዉና «ሞክሼ» ይባባላሉ። የራስን ስም አውጥቶ ሌላውን ለመጥራት አንደበት ያመነታልና። በዚህም ጊዜ ሁለቱም ስማቸውን ለጊዜው አስቀምጠው፣ ለሁለቱም እኩል የሚሆን ሌላ መጠሪያ ይይዛሉ። «ሞክሼ» ማለት «አንተ እኔ ነህ» ማለት አይደለም፤ «እኔ በምጠራበት አንተም ትጠራለህ» ማለት ነው። ቃሉ አንድነትንና ልዩነትን አጣምሮ የያዘ ነው።

ይኸው ቃል ከሰዎች አልፎ ለፊደሎቻችንም ተሰጥቷል። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሠና ሰ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ሞክሼ ሆሄያት ይባላሉ። በአማርኛ ንግግር ድምፃቸው አንድ ነው፤ በግዕዝ ግን አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ትርጉም ይፋለሳል። በንጉሡ «ሠ» የተጻፈው «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን ስለ ፀሐይ ይነገራል። በእሳቱ «ሰ» የተጻፈው «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው። ጆሮ ሁለቱን አይለያቸውም፤ ዓይን ግን ይለያቸዋል። የሰው ሞክሼዎችም በጥሪ አይለዩም፤ በሥራቸው ይለያሉ።

በአገራችን የስም አወጣጥ ልማድ፣ አንድ ሰው ስሙን ከአባቱ ስም ጋር ይዞ ይታወቃል እንጂ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ መጠሪያ የለውም። ስለዚህ ሞክሼነት የሥጋ ዝምድናን አያመለክትም። የሚያመለክተው የሁለት ቤቶች ምኞት ወይም ኀዘን መገጣጠሙን ነው። ብዙዎቹ ስሞቻችን በራሳቸው ሙሉ ንግግሮች ናቸውና። ወላጆች ልጃቸውን አበበ ሲሉት ቤታቸው ማበቡን ይናገራሉ፤ ጥላሁን ሲሉት አደራ ይጥሉበታል፤ ልጅ ሞቶባቸው ሌላ ሲወለድላቸው ካሳ፣ ምትኩ ወይም ማስረሻ ይሉታል። እንግዲህ ስም የባለስሙ ንግግር ሳይሆን የሰያሚው ንግግር ነው። ምትኩ የተባለው ሰው ስሙ የሚተርከውን ኀዘን አላየውም፤ ኀዘኑ የእናቱ ነው። ሁለት ምትኩዎች ቢገናኙ፣ የሚያገናኛቸው እነርሱ የሠሩት ሥራ ሳይሆን፣ የማይተዋወቁ ሁለት እናቶች ያፈሰሱት እንባ ነው።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚል ብሂል መኖሩ የታወቀ ነው። በዚህ አባባል መሠረት ስም የሰውን የወደፊት ዕጣ ቀድሞ ይናገራል። አባባሉ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ ሞክሼዎች ሁሉ በዕጣም ሞክሼዎች በሆኑ ነበር። የታሪክ ምስክርነት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለዚህም «አፈወርቅ» የሚለውን ስም በምሳሌነት እንውሰድ።

አፈወርቅ የወርቅ አፍ ማለት ነው። ስሙ በመጀመሪያ የተሰጠው በአራተኛው ምእተ ዓመት ለተወለደውና በኋላ የቊስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ለሆነው ለዮሐንስ ሲሆን፣ ምክንያቱም የስብከቱ ማማር ነበር። ዮሐንስ በዚያ አንደበቱ የባለጠጎችንና የቤተ መንግሥቱን ቅምጥልነት ገሠጸ። በዚህም ተግዞ፣ እ.ኤ.አ. በ407 በግዞት እንዳለ ሞተ። ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመታት በኋላ በዚሁ ስም የተጠሩት ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ ደራሲነት ስፍራ ያዙ። የቋንቋቸው ለዛ ዛሬም አንባቢን ይማርካል። ነገር ግን ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ከወራሪው ጎን ቆሙ፤ «አፈ ቄሣር» የተባለውንም ሹመት ተቀበሉ። የወርቅ አፍ የተባሉት ሰው የቄሣር አፍ ሆኑ። ከነጻነት በኋላ ወደ ጅማ ተግዘው እዚያው ሞቱ። እንግዲህ ሁለቱ አፈወርቆች በስምም፣ በአንደበትም፣ በግዞትም ይመሳሰላሉ። ነገር ግን አንደኛው የተጋዘው ኃይለኛውን ስለ ገሠጸ፣ ሌላው ደግሞ ኃይለኛውን ስላገለገለ ነው።

ሦስተኛው አፈወርቅ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለዱት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። እኚህ ሰው የተናገሩት በቀለምና በብርሃን ነው። በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለቀለም የመስተዋት ሥራቸው፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ያሳያል። ነጋድራስ አፈወርቅም በወጣትነታቸው ቱሪን ውስጥ ሥዕል ተምረው እንደነበር ስናስታውስ፣ ስምና የጥበብ ዝንባሌ አንድ ላይ ቢገጥሙ እንኳ የሰውን መንገድ እንደማይወስኑ እንረዳለን። የባለመስተዋቱን አፈወርቅ ስለ «አፈ ቄሣር» ሹመት ተጠያቂ ማድረግ፣ ወይም የልብ ወለዱን ምስጋና ለእርሳቸው መስጠት እንደ እብደት በተቆጠረ ነበር።

ሌላም ምሳሌ አለ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ሮማ ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ከዚያች ዕለት አራት ወር ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጊዜ፣ ራስ አበበ አረጋይ ከሌሎች ታጋች ባለሥልጣኖች ጋር ተገደሉ፤ በአምስቱ የጠላት ዘመን በሸዋ የአርበኞች መሪ የነበሩ፣ በኋላም በከፍተኛ ሹመት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። በአንድ መንፈቅ ውስጥ አንድ ስም በእልልታም በለቅሶም ተጠራ። ስሙ አበበ ነበር፤ ያበበውና የረገፈው ግን የተለያየ ሕይወት ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን «ስም» በሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን እንደሚል ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስም ይወጣል፤ ስም ደግሞ ይተርፋል። የሚወጣው ስም በሌሎች የሚሰጥ ነው። የሚተርፈው ስም ግን በሥራ የሚገኝ፣ በክፉ ሥራም የሚጠፋ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲባል የሚታሰበው ይህ ሁለተኛው ነው። ሞክሼዎች የሚጋሩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ማንም ለማንም ሊያበድረው አይችልም።

መልሱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ፣ ሞክሼነት ምንም ትርጉም የሌለው አጋጣሚ ነውን? እንዲህ ብሎ መደምደም ችኮላ ይሆናል። በስም መተሳሰር ክብርን ወይም ነውርን አያካፍልም፤ ነገር ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። ይህን ለማሳየት ከአገራችን ውጭ የሆኑ ሁለት ሥራዎችን እንመልከት።

የኮሪያ ዝርያ ያላት አሜሪካዊት የፊልም ባለሙያ ግሬስ ሊ፣ ስሟን የሚጋሩ ሴቶችን እየፈለገች ያነጋገረችበትን ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2005 አቀረበች። ሰዎች እነርሱም አንዲት ግሬስ ሊ እንደሚያውቁ ሲነግሯት፣ የሚያነሡላት ዘወትር ጸጥተኛ፣ ትሑትና ጎበዝ ተማሪ የሆነች ልጅ ነበረች። ስሙ የሰዎች ማተሚያ ቅርጽ ሆኖ ነበር። ፍለጋው ግን ግሬስ ሊ ቦግስን አስገኘ፤ እኚህ ሴት ከቻይናውያን ወላጆች የተወለዱ፣ በፍልስፍና ዶክትሬት ያገኙ፣ በዲትሮይት ከተማ ለሠራተኞችና ለጥቁሮች መብት ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የታገሉና እ.ኤ.አ. በ2015 በመቶ ዓመታቸው ያረፉ ናቸው። ፊልም ሠሪዋም እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ እርሳቸው ብቻ ሌላ ፊልም ሠራች። ከዚህ የምንረዳው፣ ስምን ሰምቶ ሰውን ያወቀ የመሰለው ገና ምንም አለማወቁን ነው።

ሁለተኛው ሥራ ከዚህ የከበደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ዌስ ሙር የተባሉ ወጣት ወደ ኦክስፎርድ የሚያስኬድ ከፍተኛ የትምህርት ዕድል አገኙ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው አካባቢ፣ ዌስ ሙር የተባሉ ሌላ ወጣት አንድ ፖሊስ በተገደለበት የጌጣጌጥ መደብር ዘረፋ ተከሰው ኋላ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ሁለቱም ያለ አባት ያደጉ ነበሩ። ባለዕድሉ የሞክሼያቸውን ዜና ካነበቡ በኋላ ነገሩን ሊረሱት ስላልቻሉ ወደ ወህኒ ቤት ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስም መጣላቸው። መጻጻፉና መጠያየቁ ለዓመታት ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የሁለቱን ሕይወት ጎን ለጎን የሚተርክ መጽሐፍ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2023 የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ሆኑ። ሞክሼያቸው ግን በእስር ቆዩ። የስም አንድነቱ የአንዱን ጥፋት ለሌላው አላስተላለፈም፤ የሟቹንም ደም አላቀለለም። ያደረገው ነገር ቢኖር፣ አንባቢ በጋዜጣ ላይ አይቶ የሚያልፈውን ወንጀለኛ ወደ ጎረቤትነት ማቅረብ ነው። «እርሱን ምን አገኘው?» የሚለው ጥያቄ «እኔንስ ምን አዳነኝ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ወለደ።

አንባቢ ምናልባት ከላይ ለታሳሪው ሰው «ተፈረደባቸው» ማለታችን ሳያስገርመው አልቀረም። ይህ መገረም ራሱ ትምህርት ነው። አማርኛችን ሰውን ስናነጋግር አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ከማለት ሳንመርጥ እንድናልፍ አይፈቅድልንም። አንድ አዘጋጅ ሁለት ተሰማዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ ሲያነጋግር፣ ፕሮፌሰሩን «እርስዎ»፣ በዕድሜ እኩያቸው የሆነውን ተሸካሚ ግን «አንተ» ቢል፣ ስማቸው እኩል ያደረጋቸውን ሰዎች በአንዲት ተውላጠ ስም ለያያቸው ማለት ነው። የስማቸው አንድነት ባይኖር ኖሮ ይህን አድልዎ ልብ ባላልነው ነበር። ስም አንድ ሲሆን፣ የቀረው ልዩነት ሁሉ ዕርቃኑን ይታያል፤ ከልዩነቱም ውስጥ የትኛው በሥራ የተገኘ፣ የትኛው በአጋጣሚ የወረደ፣ የትኛውም በእኛ አድልዎ የተፈጠረ መሆኑን እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

በእርግጥ ከዚህ በተቃራኒ ሊባል የሚችል ነገር አለ። ለሰው በስሙ ምክንያት ማዘን ወይም መቆርቆር፣ በስሙ ምክንያት ከመጥላት የማይሻል ከንቱ ስሜት ነው፤ ሁለቱም ከፍትሕ የራቁ ናቸው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ዳኛ ለሞክሼው ቢያደላ ጥፋት ነው። ነገር ግን ስሜቱ የፍርድ ሚዛን ሳይሆን የማስተዋል መነሻ ሲሆን ጥቅሙ ሌላ ነው። በአንድ ድምፅ መገጣጠም ብቻ ለማናውቀው ሰው ልባችን የሚከፈት ከሆነ፣ በረኀብ፣ በድካም፣ በወላጅ ፍቅርና በሞት ለምንጋራው ሰው ሁሉ ሊከፈት የማይችልበት ምክንያት የለም። ስም ከምንጋራቸው ነገሮች ሁሉ ትንሹ ነውና።

መምህራን ይህን ነገር በየዕለቱ በሥራቸው ያዩታል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አልማዞች ቢኖሩ፣ መምህሩ በአባታቸው ስም ለይቶ ይጠራቸዋል። አንዷ በረበሸች ጊዜ ሌላዋን አይቀጣም፤ አንዷ ባጠናችው ለሌላዋ ነጥብ አይሰጥም። በሁለቱ ላይ ሊፈጽም የማይፈልገውን በደል ግን፣ ኅብረተሰብ ከስም በሰፉ መጠሪያዎች፣ በጎሣ፣ በሰፈርና በሙያ ስም፣ በብዙ ሰዎች ላይ ሲፈጽመው ይታያል። «እነዚያ እንዲህ ናቸው» የሚለው ንግግር፣ አንዷ አልማዝ ስላጠፋች አልማዞችን ሁሉ ከመቅጣት በምን ይለያል? አንድ አገልግሎት ለማግኘት የሚመጣውን ሰው ገና ስሙን ሰምቶ የሚመዝን ሹም፣ ገጸ ባሕርይውን ገና በስሙ ጨርሶ የሚሥል ደራሲም በዚሁ ስሕተት ውስጥ ይወድቃሉ።

እንግዲህ ከመነሻችን ለቀረበው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ከሞክሼዬ ጋር ክብሩን አልካፈልም፤ ነውሩም አይነካኝም። የምካፈለው፣ ሁለታችንም ባልመረጥነው ድምፅ ተጠርተን ወደ ሕይወት መግባታችንን ነው። ሌሎች በስማችን የተመኙልንን እንሆን ዘንድ ወይም እንዳንሆን የሚያደርገው፣ በከፊል የራሳችን ሥራ፣ በከፊልም የገጠመን ዕድልና የሚደግፈን ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። በሥራው ላይ መፍረድ ይቻላል፤ ይገባልም። ከመፍረድ በፊት ግን ስሙን ጠርቶ ማን እንደሆነ መጠየቅና መልሱን እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ይቀድማል።