በእውነተኛ ምስል የሚመሰከር ሐሰት

ሲኒማ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ሕዝቡ ፊልም የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» አለው። በግድግዳ ላይ የሚሮጥ ጥላ የሰው ጥበብ ሆኖ አልታየውም። ስያሜው ዛሬ ፈገግ ቢያሰኝም አንድ ከባድ የሃይማኖት ጥያቄ ያስነሳል፦ በዓይን የታየ ነገር ሐሰት ሊሆን ይችላል? ለኢትዮጵያ ጥያቄውን ያከበደው የኢጣሊያ ፊልም ነው።

የኢጣሊያ ሲኒማ ገና በጠዋቱ ከጦርነት ጋር ተወዳጀ። በ1905 እ.ኤ.አ. ፊሎቴዎ አልቤሪኒ የሮማን መያዝ በፊልም አሳየ። በ1911 ኢጣሊያ ሊቢያን ስትወር ሉካ ኮሜሪዮ ካሜራውን ይዞ ከጦሩ ጋር ዘመተ። በ1914 ደግሞ የጆቫኒ ፓስትሮኔ «ካቢሪያ» ወጣ። ታሪኩ የሮማና የካርታጎ ጦርነት ነው። በሞሎክ ቤተ ጣዖት ውስጥ የግዙፉ ምስል ደረት ይከፈታል፤ ውስጡ እሳት ይንቀለቀላል፤ ካህናቱ ሕፃናትን ወደ እሳቱ ይሰዳሉ። የኢጣሊያ ተመልካች አፍሪካን ልጆች የሚቃጠሉባት ምድር፣ ሮማን ደግሞ አዳኝ አድርጎ አያት።

«ካቢሪያ» ልብ ወለድ ነበር። በ1924 የተቋቋመው የፊልም ተቋም ሉቼ ግን ዜና አቀርባለሁ ብሎ ተነሣ፤ የፋሺስት መንግሥትም ሲኒማ ቤቶች ሁሉ የሉቼን ፊልም እንዲያሳዩ አስገደደ። የኢጣሊያ ጦር በ1935 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ሲወር የሉቼ ካሜራዎች መርከቡን፣ መንገድ ሥራውን፣ ሆስፒታሉን ቀረጹ። መርከቡም መንገዱም በእርግጥ ነበሩ። በፊልሙ ያልታየው የመርዝ ጋዙ ነው። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1996 ነው።

የሸዋዋ መንዝ የዚህ ዝምታ ምስክር ናት። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የአበበ አረጋይ አርበኞች፣ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ዘረት አጠገብ አመፀኛ ዋሻ ውስጥ ተጠለሉ። የኢጣሊያ ጦር ዋሻውን ከብቦ በመርዝ ጋዝ አፈናቸው፤ እጃቸውን ሰጥተው የወጡትን ወንዶች በመትረየስ ረሸናቸው። የሞቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ኢጣሊያዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ በ2006 እ.ኤ.አ. ዋሻው ድረስ ሄዶ ነገሩን ለዓለም አወጣ።

እልቂቱ በተፈጸመበት ዓመት፣ በነሐሴ 1931 ዓ.ም.፣ በቬኒስ የፊልም በዓል «አቡነ መስያስ» የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸለመ። ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ በኢትዮጵያ ምድር የሠራው ይህ ፊልም የካቶሊኩን ሚስዮናዊ የጉሊየልሞ ማሳያን (የመስያስን) ታሪክ ይተርካል። ማሳያ ከ1868 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሸዋ በንጉሥ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ቆይቶ በ1879 በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር የወጣ ሰው ነው። ፊልሙ ደጉን አባት ከኦርቶዶክስ ጳጳስ ጋር ያፋጥጣል፤ ኢጣሊያም የእምነትና የርኅራኄ አገር ሆና ትታያለች። ሸዋ በመስቀል ስም በቬኒስ ስታስጨበጭብ፣ የዚያችው ሸዋ ሕዝብ በጋዝ ካለቀ ገና ጥቂት ወራት ብቻ አልፈው ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት በሐልዮ (በሐሳብ)፣ በነቢብ (በንግግር) እና በገቢር (በድርጊት) ይሠራል ትላለች። የሉቼ ካሜራ መርከብ ነው ያለው መርከብ ነው፤ በንግግሩ ቢመረመር ብዙ ጊዜ ነጻ ይወጣል። ጥፋቱ በሐልዮ ነው፦ የቱ ይታይ፣ የቱ ይደበቅ ብሎ በቆረጠው ሐሳብ። የአገራችን የጥንት ሙግት ይህን ያውቅበት ነበር። ተጠየቅ በተባለው የሙግት ሥርዓት ምስክር «አየሁ» ስላለ ብቻ አይታመንም ነበር። የት ቆመህ፣ ከማን ጋር፣ ሌላስ ማን ነበር ተብሎ ይጠየቅ ነበር፤ ያየውን ከፍሎ የተናገረም ቃሉ ይወድቅ ነበር።

ፊልምም በዚህ ሸንጎ መቆም አለበት። ሰይጣን ቤት ያሉት አባቶች የፈሩት ብርሃኑን ነበር፤ ሊፈራ የሚገባው ግን ምስሉን የመረጠው ሰው ልብ ነው። እነዚህን ፊልሞች ማቃጠልም ሆነ መቆለፍ አይበጅም፤ የገዳዩ ቃል ራሱ ማስረጃ ነውና። «አቡነ መስያስ» በሮምም ሆነ በአዲስ አበባ በታየ ቁጥር የዘረት ታሪክ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ምሽት ይነገር። የመንዝ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ቃልም የኢጣሊያ ፊልም መዛግብት ከሉቼ ምስሎች ጎን ያስቀምጡት።