ጓሳና የመምህሩ ልብ

ማስተማርን መውደድ ለመምህርነት ዝግጅት መነሻ ነው ወይስ ፍሬ? በደብረ ብርሃን መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሠልጥኖ ግሼ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ የሚመደበውን ወጣት ሳስብ ጥያቄው ይከብደኛል። ለረጅም ዓመታት በአገራችን ወደ መምህራን ኮሌጅ የሚገባው በአብዛኛው የአሥረኛ ክፍል ውጤቱ ለመሰናዶ ያልበቃ ተማሪ ነበር። ፍቅርን ቅድመ ሁኔታ ካደረግን ብዙዎቹን ገና ከደጅ ልንመልስ ነው። ይህ ፍርድ ልክ አይመስለኝም።

ከፍቅር ይልቅ ኃላፊነትን የሚያጸና ምን እንደሆነ የጓሳ ታሪክ ያሳያል። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጓሳ የተባለውን የሣር ምድር ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈለጋል፤ የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ግን ቦታውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ ብቻ ይከፍቱት ነበር። አለቃ ይመረጣል፣ በተራ ይጠበቃል፣ ያጠፋ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ሥርዓቱም ላላ፤ ጓሳም ይራቆት ጀመር። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነበር፤ ለሣሩ ያለው ፍቅርም በአንድ ሌሊት አልጠፋም። የጠፋው አንዱን በሌላው ፊት የሚያስጠይቀው ማሰሪያ ነው። ጥበቃው ያገገመውም ነዋሪው ኋላ ኮሚቴ መርጦ ማሰሪያውን በአዲስ መልክ ሲያጠብቅ ነው።

የመምህሩን እሴትስ ማን ይጠብቀዋል? በቄስ ትምህርት ቤት ገፋ ያለው ተማሪ ለጀማሪው ፊደል ያስቆጥራል፣ ዳዊት ያስነብባል፤ የኔታ ከጎን ሆነው ያዳምጣሉ። ካሳሳተ እዚያው ይታረማል። አለንጋውን አልናፍቅም፤ ሴት ልጆችን ማስቀረቱንም እንዲሁ። ግን ማስተማርን እያስተማረ፣ በሚሰማው ሰው ፊት የተማረ ልጅ ኃላፊነትን በቃል ሳይሆን በሥራ ያውቀዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ሥልጠና ሲከለስ እጩ መምህራን በትምህርት ቤት ረዘም ላለ ጊዜ እንዲለማመዱ መደረጉም ከዚህ የራቀ ሐሳብ አልነበረም። ችግሩ ልምምዱ ያለ አዳማጭ ሲቀር ነው። ነባሩ መምህር ቅጹን ፈርሞ ከሄደ፣ እጩው የሚማረው ፊርማ ሥራን እንደሚተካ ነው፤ ያንን ትምህርት ደግሞ ወደ ክፍሉ ይዞት ይገባል።

እዚህ ላይ ቁጥጥር ሌላ፣ ተጠያቂነት ሌላ መሆኑን መለየት ይገባል። ከወረዳ የሚመጣ ተቆጣጣሪ የሚያየው የትምህርት ዕቅዱን ነው። ሦስተኛ ክፍል ደርሳ ማንበብ ያልቻለች የእረኛ ልጅ ግን ምንም ሳትናገር ትጠይቃለች። እጩው እንዲህ ያለች ልጅ ይሰጠው፤ ከነባር መምህር ጋር ሆኖ የት እንደምትሰናከል ይፈልግ፤ ለወላጆቿም ራሱ ያስረዳ። ማንበብ ስትጀምር የሚሰማው ደስታ ሳይወድ በገባበት ሙያ ውስጥ የመጀመሪያው ፍቅሩ ሊሆን ይችላል። ባይመጣም ግዴታው አይቀልም፤ ልጅቷ የምትፈልገው ፊደሉን ነውና።

ኮሌጁ ከማስመረቁ በፊት የእጩውን የሥነ ምግባር ኮርስ ውጤት መያዙ አይከፋም። ከዚያ አስቀድሞ ግን ማንን አስነበብክ፣ ማንስ ቀረህ ብሎ ይጠይቀው፤ እጩውም የቀረችውን ልጅ ስም ይጥራ።