ጠባቂው ወገኑን ሲመታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እህቶች፤

ሌሊት ሰኞ ገበያን የሚጠብቅ አንድ ዘበኛ እናስብ። ማታ ቀይ ጥለት ያለው ጋቢ የለበሰ ሌባ አሳድዷል። ሲነጋ የሱቁ ባለቤት ያንኑ የመሰለ ጋቢ ደርቦ ሊከፍት ሲመጣ ዘበኛው በዱላ ይመታዋል። ይህ ዘበኛ ሰነፍ አይደለም፤ ከዳተኛም አይደለም። የጎደለው ወገኑን መለየት ነው።

በሰውነታችንም እንዲህ ይሆናል። እግዚአብሔር በደማችን ውስጥ ጠባቂ ሕዋሳትን አኑሯል። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ተሐዋሲ በልጅ ጉሮሮ ሲገባ ይነሡበታል። ነገር ግን ተሐዋሲው ከልባችን ሥጋ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው። በአሜሪካ በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማድሊን ከኒንግሃም ለብዙ ዓመታት የመረመሩት ይህንኑ ነው፤ ተሐዋሲውን ለመያዝ የተሠራው የሰውነት መሣሪያ ማዮሲን የተባለውን የልብ ጡንቻ ክፍልም እንደሚይዝ አሳይተዋል።

ስለዚህ ጉሮሮው ከዳነ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ ልጁን ትኩሳት ይይዘዋል፤ መገጣጠሚያው ያብጣል። ሲደጋገም የልብ በሮች ይበላሻሉ። ከዚያ ወዲያ ቀዶ ሕክምና ያሻል፤ ዶክተር በላይ አበጋዝ ያቋቋሙት፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ብዙ ልጆች ተራ የሚጠብቁበት ነው። «እንጥሉ ወረደ» ብሎ ማስቆረጥ ተሐዋሲውን አያወጣም። በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ግን ሕመሙን ይከለክላል። አንድ ጊዜ የታመመውንም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለዓመታት የሚወጋው መርፌ ይጠብቀዋል።

ይህን የጻፍነው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ከመካከላችን አንዲት እህት ይህ ሕመም አለባት። መርፌዋን ለመወጋት ስትሄድ ከመዝሙር ጥናት ትቀር ነበር። እኛም «ጠበሉ አይበቃሽም? እምነትሽ ጎደለ?» አልናት። ለሃይማኖት የቀናን መስሎን ነበር። እርስዋም አፍራ 3 ቀጠሮ አሳለፈች። በኋላ ልንጠይቃት ስንሄድ ትንፋሽ አጥሯት ተኝታ አገኘናት። የንስሐ አባታችን ይህን ሲሰሙ «ጠበሉን የሰጠ መድኃኒቱንም ሰጠ» ብለው ገሠጹን። ዘበኛው እኛው ነበርን።

ታዲያ ጠባቂን ማን ይጠብቀዋል? የጃፓኑ የኢሚዩኖሎጂ ፕሮፌሰር ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 በሰውነት ውስጥ ሌሎቹን ጠባቂዎች የሚገቱ ሕዋሳት መኖራቸውን አሳዩ። እነዚህ ሲጎድሉ ሰውነት ራሱን ይወጋል። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2025 ከሜሪ ብሩንኮና ከፍሬድ ራምስዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ሳውልም ወደ ደማስቆ ሲገሰግስ እግዚአብሔርን የሚያገለግል መስሎት ነበር። ጌታ ቅንዓቱን አልነቀለም፤ ዐይኑን ከፈተለት እንጂ። የእኛም ቅንዓት የሚገታው ፍቅር ያስፈልገዋል። ፍቅር የሌለው ቅንዓት የክርስቶስን አካል ከልቡ ላይ ይመታል።

ስለሆነም እህታችንን ይቅርታ ጠይቀናል። ከዚህ ወር ጀምሮ በተራ ወደ ጤና ጣቢያ እንሸኛታለን፤ የመዝሙር ጥናቱም ቀን ተለውጧል። እናንተም ታናናሾቻችሁ ጉሮሯቸውን ሲታመሙ ዝም አትበሉ፤ ቶሎ አሳክሟቸው።

አምላካችን ወገናችንን የምንለይበት ዐይን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።