ምሰሶ ለሚያቆም ልጅ

ልጄ፣ በአባትህ ቡና መካከል 12 ሜትር የብረት ምሰሶ ልታቆም ማሰብህን ሰማሁ። አምስት ኪሎ በነበርክበት ጊዜ ከኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ከኢቲ3ኤኤ፣ እግርህ አይጠፋም ነበር አሉኝ። ደስ ይላል። ጅማ አጠገብ ሰርቦ ተቀምጦ ከጃፓንና ከብራዚል ሰው ጋር በራስ ሬዲዮ መነጋገር ቀላል ነገር አይደለም። አንተ ቀና ብለህ የምታየው አንቴናውን ነው። እኔ የቴሌ ጡረተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬን ምሰሶ ሲተከልና ገመድ ሲወጠር ስላሳለፍኩት ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው መሬቱ ላይ ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ።

ከአዲስ አበባ ያስመጣኸውን የሚጠመዘዝ ካስማ አገላብጬ አየሁት። አንድ ሜትር ተኩል ዘንግ፣ ታች ላይ ዞራ የተበየደች ከስንዝር የማትበልጥ ክብ ብረት፣ ራሱ ላይ የገመድ ቀለበት። ዚንክ የተነከረ፣ ብየዳው ንጹሕ፣ ጥሩ ዕቃ ነው። ይህን ያህል ቶን ይይዛል ብለው የለጠፉበትን ወረቀት ግን አትመነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ካስማ ይለቃል። ያ ቁጥር የወጣው ፋብሪካው ለሞከረበት አፈር ነው፤ ቀርሳ ወረዳ መጥቶ የሞከረ የለም።

እንዴት እንደሚይዝ ልንገርህ። ዘንጉ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ጉልበት የለውም። የሚይዘው ከክቧ ብረት በላይ ያለው፣ ዘመን ያጠቀጠቀው፣ አካፋ ያልነካው አፈር ነው። ነፋስ ምሰሶውን ሲገፋው ገመዱ ካስማውን ይስባል፤ ክቧ ብረት ልውጣ ካለች ያን ሁሉ አፈር ተሸክማ መውጣት አለባት። ቆፍረህ መልሰህ የሞላኸው አፈር የቱንም ያህል ብትረግጠው እንደዚያ አይሆንም። ጠምዝዘህ ስታስገባ ግን አፈሩ ብዙም ሳይረበሽ ይቀራል፤ የዕቃው ብልሃት ይኸው ነው።

ብልሃቱን ያመጣው ደግሞ ዓይነ ስውር ሰው ነው። አሌክሳንደር ሚቼል የሚባል የቤልፋስት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1833 የፈጠራ መብት አወጣበት፤ በ1838 ደግሞ በቴምዝ ወንዝ አፍ፣ ባሕሩ በሚያጥበው አሸዋ ላይ ለመርከብ መብራት ቤት መሠረት የሚሆኑ ብረቶች በዚሁ መንገድ ተጠመዘዙ። አፈርን በእጅ የሚያውቅ ሰው ሥራ ስለሆነ አንተም በእጅህ አድምጠው። ቀለበቱ ውስጥ ረጅም ብረት አስገቡና ሁለት ሆናችሁ አዙሩ። ወደ ታች በወረደ ቁጥር መክበድ አለበት። መሐንዲሶች በመሣሪያ የሚለኩት ይህንኑ ክብደት ነው፤ ለመጠምዘዝ ብዙ ጉልበት የጠየቀ ካስማ ሲስቡትም ብዙ ይይዛል። እየወረደ እየቀለለ ከመጣ ከሥር ባዶ ነገር አለ፤ የምስጥ ኩይሳ ወይም የፍልፈል ጉድጓድ፣ አለዚያም አባትህ የረሳው የድሮ ሽንት ቤት። ሳይወርድ ባለበት የሚዞር ከሆነ ደግሞ አፈሩን ፈጨኸው ማለት ነው። እዚያው አትታገለው፤ ንቀልና አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብለህ አዲስ መሬት ያዝ። ድንጋይ ሲያቆመውም "ግማሹ ገብቷል፣ ይበቃዋል" እንዳትለኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። አንተ የምትጠይቀኝ ስለ ካስማው ነው፤ እኔ የምመልስልህ ስለ ወሩ ነው።

የእኛ አገር አፈር አንድ አይደለም። ቡናው ያለበት ተዳፋት ቀይ አፈር ነው፤ ጥልቅ፣ ውሃ የሚያሳልፍ፣ በጋና ክረምት ጠባዩ ያን ያህል የማይለዋወጥ። ወደ ግልገል ጊቤ ሜዳ ስትወርድ ዋልካው ይመጣል፤ ሰዉ ኮቲቻ የሚለው። ኮቲቻ በጥር ሲረግጡት ድንጋይ ነው፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በሐምሌ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ የሰው ጫማ ይቀማል። ጅማና አካባቢዋ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ያገኛሉ፤ ያ ሁሉ ውሃ የሚወርደው ካስማህ ላይ ነው። በጥር ጥርስህን ነክሰህ ያስገባኸው ካስማ በሐምሌ ሌላ አፈር ውስጥ ነው ያለው፤ አንተ ግን የምታስታውሰው የጥሩን ጉልበት ነው።

ሥራ ላይ በነበርኩበት ዘመን በአንድ ሜዳ የቆመ ምሰሶ ነሐሴ ላይ ወደቀ። የማን መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና አንዱ ነፋሱን፣ አንዱ ገመዱን፣ አንዱ በያጁን ረገመ። ሄደን ስናይ ገመዱ አልተበጠሰም፣ ብየዳውም አልተሰነጠቀም። አንደኛው ካስማ ሙሉውን ወጥቶ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ዘንጉ ቀጥ እንዳለ ነው፣ ዚንኩ ያብረቀርቃል፤ ክቧ ብረት ላይ ጥቁር ጭቃ ተለጥፎ ነበር፣ በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው ተንሸራትቶ ወረደ። መቼ ተከላችሁት ብለን ብንጠይቅ በየካቲት አሉ። ሞክራችሁት ነበር? አዎን፣ በየካቲት፣ በመኪና ስበን፣ ንቅንቅ አላለም። እውነታቸውን ነው፤ በየካቲት ንቅንቅ አይልም።

ያንተ ግቢ እንግዲህ እንዲህ ነው። ሦስት ካስማ በሦስት አቅጣጫ ትተክላለህ፤ ሁለቱ ከቡናው በኩል ቀይ አፈር ላይ ያርፋሉ፤ ሦስተኛው ግን ከእንሰቱ ጀርባ፣ የጎርፍ መሄጃው ዳር ይወድቃል። እዚያ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ሣሩም በበጋ እንኳ አይደርቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው እዚህ ጋ አይሠራልህም። ከሦስቱ አንዱ ሲለቅ ሁለቱ ጥሩዎቹ ናቸው ምሰሶውን ወደ ራሳቸው ጎትተው የሚጥሉት። ወዴት እንደሚወድቅም ከአሁኑ ልንገርህ፤ ሁለቱ ጥሩ ካስማዎች ያሉት በቤታችሁ በኩል ነው።

ቦታ ጠበበኝ ብለህ ካስማውን ወደ ምሰሶው እንዳታስጠጋ ደግሞ። አጥር ጥሶ ጎረቤት ግቢ መግባት ስለሚያሳፍር ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ፈተና ይኼ ነው። አንተ ተማሪ ነህና በቁጥር ላስረዳህ። ገመዱ ከ12 ሜትሩ ጫፍ ላይ ታስሯል እንበል፤ ነፋሱም ጫፉን በ100 ኪሎ ጉልበት ገፋው። ካስማው ከምሰሶው ሥር ዘጠኝ ሜትር ተኩል ቢርቅ ገመዱ የሚሸከመው 160 ኪሎ ያህል ነው። ካስማውን 3 ሜትር ላይ ብትተክለው ግን ያው ነፋስ ከ400 ኪሎ በላይ ይሆንብሃል፤ ካስማውን ወደ ላይ ይነቅላል፣ ምሰሶውንም ወደ ታች ይጫናል። የነፋሱ ጫና ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን በእጥፍ ብቻ አይጨምርም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ አንድ ካሬ ሜትር ጠፍጣፋ ላይ 12 ኪሎ ያህል የሚጫነው፣ 100 ሲገባ ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል። በዝናብ መግቢያ፣ ከደመናው በፊት አቧራ ይዞ የሚመጣውን ነፋስ ታውቀዋለህ፤ የሙዝ ቅጠል ሲተለትል አድገሃል። ስለዚህ ጎረቤታችሁን በሽማግሌ እናስለምን እንጂ ካስማው አይጠጋም። እንደዚያም ካልሆነ ምሰሶውን 8 ሜትር አድርገው፤ ጎመን በጤና።

ዛፍ ላይ ልሰር የሚለውንም ተወው። ዋንዛው ይወዛወዛል፣ ባሕር ዛፉም የባሰ ነው፤ ዛፉ በሄደ ቁጥር ገመዱ ይላላል፣ በተመለሰ ቁጥር ይመታል።

ካስማው ሲገባ ዘንጉ ገመዱ በሚሄድበት መስመር ተጋድሞ ይግባ። ቀጥ አድርገህ ብትተክለውና ገመዱ አጋድሞ ቢስበው ራሱ ይታጠፋል፣ አፈሩንም እየቆረጠ መንገድ ያበጃል። ቀለበቱ ከመሬት ብዙ አይውጣ። የገመዱን ማጥበቂያ ካጠበቅህ በኋላ በቀለበቶቹ ውስጥ ሽቦ አሳልፈህ ቋጥረው፤ በነፋስ ንዝረት ብቻውን ይፈታል፣ ቆራሌው የሚያነሳውም መጀመሪያ እሱን ነው። ገመዱ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰር፣ ላሞቹም አንገታቸውን እንዳያኩበት ዙሪያውን እጠር።

ሙከራው እንዲህ ይሁን። ምሰሶው ከመቆሙ በፊት እያንዳንዱን ካስማ በገመዱ መስመር በፓራንኮ ሳበው፤ በመካከል የቡና መመዘኛውን ተንጠልጣይ ሚዛን አግባ። ይጠበቅበታል ብለህ ካሰብከው ክብደት እጥፍ ድረስ አድርሰው። ሚዛኑ የማይደርስልህ ከሆነ አንድ መዘውር ካስማው ላይ እሰርና ገመዱን በእሱ አዙረህ ሳብ፤ ካስማው ላይ የሚያርፈው ሚዛኑ ከሚያነበው እጥፍ ይሆናል። አንዴ ስበህ "ያዘ" ብለህ አትልቀቅ። ጭቃ ቀስ ብሎ ነው የሚሰጥህ። ከካስማው ራቅ አድርገህ ሁለት ችካል ምታ፣ በመካከላቸው ሲባጎ ወጥር፣ ዘንጉ ላይ ሲባጎው የነካበትን በምስማር ጫር፤ ከዚያ ክብደቱን እንደያዘ አሳድረው። ጠዋት ጭረቱ ከሲባጎው ጣት ያህል ከራቀ ያ ካስማ ላንተ አይሆንም። በጋ ላይ ያለፈውን ደግሞ ነሐሴ ላይ፣ መሬቱ ጠግቦ ውሃ ሲተፋ፣ እንደገና ሞክረው። ምሰሶው የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ክረምት መጠበቅ እንደሚያንገበግብህ አውቃለሁ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ካቆምከውም በኋላ ሥራው አላለቀም። የእኛ ቀይ አፈር ኮምጣጣ ነው፤ እርጥበትም አይለየውም፤ ብረት ይበላል። የሚበላው ደግሞ ላዩን እያሳመረ ከሥር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ በመስከረም መጨረሻ የዘንጉን አንገት ክንድ ያህል ገልጠህ እይ፤ አንዱን ከገለጥክ ሌላውን እስክትሸፍነው አትግለጥ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። ለመብረቅ ብለህ የመዳብ ዘንግ ካስማው አጠገብ ቀብረህ ከገመዱ ጋር እንዳታያይዘው አደራ። መዳብና ዚንክ በእርጥብ አፈር ውስጥ ከተገናኙ ባትሪ ይሆናሉ፤ የሚበላው ዚንኩ ነው፣ ቀጥሎም ብረቱ። በካስማው በኩል የምትቀብረው የመሬት ዘንግ ዚንክ የተነከረ ይሁን። መብረቁን ግን ችላ አትበል፤ የጅማ ሰማይ ሲቆጣ ታውቀዋለህ።

የሬዲዮ ፈቃዱን ሳትይዝ ማሽኑን አትክፈት። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው የሚመለከተው። ቀበሌውንና ጎረቤቱንም ቀድመህ አስረዳ፤ በዚህ ዘመን ረጅም ሽቦ ያየ ሰው ብዙ ነገር ያስባል። ከመብራት መስመሩም ቢያንስ የምሰሶውን ቁመት ተኩል ራቅ። ምሰሶውን የምታነሱ ቀን የገበያ ቀን አይሁን፤ ልጆች ይሰበሰባሉ። ካልተፈተነ ካስማ በታሰረ ምሰሶ ላይ ደግሞ ማንም ሰው አይወጣም፤ አንቴናውን መሬት ላይ አስረህ ምሰሶውን ከነአንቴናው አንሳው።

ሦስተኛው ካስማ ይቀረናል፤ ከእንሰቱ ጀርባ ያለው። እኔ ብሆን እዚያ ጥቁር አፈር ላይ የሚጠመዘዘውን ጭራሽ አልሞክረውም። ረጅም ዘንግ ቀጥለህ ክቧን ብረት ከሚያብጠውና ከሚሰነጠቀው አፈር በታች፣ ጠንካራው ጋ ማድረስ ይቻላል ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ይቻላል፤ ግን ሁለት ሰው በእጁ የሚያዞረው ሥራ አይደለም። ይልቅ ጉድጓድ ቆፍር፤ ወገብህ ድረስ፣ ወደ ምሰሶው ያለው ግድግዳ ያልተነካ ቀጥ ያለ አፈር ሆኖ። ፌሮ አስረህ ኮንክሪት ሙላበት፤ እሱ በክብደቱም በግድግዳውም ይይዛል። ከኮንክሪቱ ወደ አፈሩ የሚወጣውን ዘንግ መውጫው ላይ ሬንጅ ቀባው፤ ዝገት መጀመሪያ የሚነክሰው እሱን ነው። ጎርፉንም በቦይ ወደ ሌላ ምራው። ለቁፋሮው ሁለት ጎበዝ እኔ እልክልሃለሁ፤ ሲሚንቶውንና ፌሮውን ግን ዝናቡ ሳይገባ አሁኑኑ ከጅማ አስመጣ።