የተዋሱት ፊደል የማን ነው?

«ሥልጣኔያችን ከገዛ አፈራችን የበቀለ ነው ወይስ ባሕር ተሻግሮ የመጣ?» ይህች ጥያቄ በማደሪያችን አንዴ ከተነሣች እንቅልፍ የለም። አንዱ ወገን «ሳባውያን ባይመጡልን ኖሮ ምን ነበረን?» ይላል። ሌላው «ሰጠን እንጂ ከማንም አልወሰድንም!» ብሎ ጠረጴዛ ይደበድባል። ሁለቱ የተጣሉ ይምሰሉ እንጂ ልብ ብለን ስናዳምጣቸው በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ይኸውም «ከሌላ የተቀበሉት ነገር የራስ አይሆንም» በሚለው። እኛ ዛሬ ልንመረምር የተነሣነው ሁለቱም ሳይጠይቁ ያለፉትን ይህን ሐሳብ ነው።

ፈረንጅ የሥልጣኔ አብነት አድርጎ ከሚያሳየን ከሮም እንጀምር። በቲቤር ወንዝ ዳር በኮረብታዎች ላይ የሰፈሩት እረኞችና ገበሬዎች በሰሜን በኩል ኤትሩስካውያን የሚባሉ ባለጸጋ ጎረቤቶች ነበሯቸው። የሮማውያን ፊደል መነሻው የግሪክ ሲሆን የደረሳቸው በኤትሩስካውያን እጅ አልፎ ነው። ረግረጉ ደርቆ የገበያና የሸንጎ አደባባይ የሆነው፣ በካፒቶል ኮረብታም የዩፒተር ቤተ መቅደስ የታነጸው፣ ትውፊታቸው እንደሚለው ታርኩዊኒዎስ በተባሉት የኤትሩስካውያን ትውልድ ባላቸው ነገሥታት ዘመን ነው። የሹማምንቱ የሥልጣን ምልክት የሆነው፣ በጠፍር የታሰረው የዘንግና የመጥረቢያ ነዶ እንኳ ከዚያው የመጣ መሆኑን ጥንታውያኑ ራሳቸው ጽፈዋል። ታዲያስ? ሮም ሮም አይደለችም ልንል ነው? ማንም እንዲህ አይልም። ተበዳሪው ሮማዊ ሲሆን «ብልህ ተማሪ» ይባላል፤ ተበዳሪው አበሻ ሲሆን ግን «ሌላ ሠራለት» ይባላል።

ኢጣሊያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ፣ የአክሱምን ሥልጣኔ መሠረት የጣሉት ከደቡብ ዐረብ የፈለሱ ነገዶች ናቸው ብሎ አስተማረ። ሊቁ ምንም ያስብ ምን፣ «እነዚህ ሰዎች ድሮም ሥልጣኔን ያመጣላቸው ሌላ ነው» የሚል ወሬ ከ7 ዓመት በኋላ «ላሠለጥናችሁ መጣሁ» ብሎ ለዘመተው ፋሺስት የተመቸ ነበር። ያ ዘማች ስሙንም አርማውንም የወሰደው ከዚያችው ከኤትሩስካውያን የዘንግ ነዶ ነው። በውሰት አርማ መጥቶ በውሰት ሊከሰን!

እውነቱስ ምንድር ነው? በየሓ የቆመው፣ 14 ሜትር ያህል የሚረዝመው ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ ተሠርቷል። አሠራሩ የሳባ ነው፤ የሚመለክበትም አልመቃህ የሳባ አምላክ ነው። ይህን መካድ ድንጋዩን መካድ ነው። ነገር ግን በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለ ስፍራ የተቆፈረው የገጠር መንደር፣ ከዚያ ቤተ መቅደስ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ ሰው ቤት ሠርቶ ይኖር እንደነበር ያሳያል። እንግዳው መጣ፤ የመጣው ግን ወደ ባዶ ቤት አልነበረም።

ፊደሉን ደግሞ እንይ። የሳባ ፊደል 29 ነበር፤ አናባቢ የለውም፤ ባብዛኛው ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። አባቶቻችን 24ቱን ይዘው ጰ እና ፐን ጨመሩ፤ አጻጻፉን ከግራ ወደ ቀኝ አዞሩት፤ በ4ኛው መቶ ዓመት፣ በዒዛና ዘመን፣ እያንዳንዱን ፊደል በ7 ድምፅ ከፋፈሉት። ሃያ ስድስቱ 182 ሆነ። አማርኛም በተራው ሸን፣ ቸን፣ ኘን፣ ጀን፣ ጨን የመሳሰሉትን ቀጠለበት። እንግዲህ ይህ ፊደል የማን ነው? የእኛ ነው እንላለን፤ ከምንም አንሥተን ስለፈጠርነው ሳይሆን ስለደከምንበት።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይመጣብናል። «ድካም ባለቤት ካደረገማ፣ በ1929 ዓ.ም. የአክሱምን ሐውልት ወስዶ ሮም ላይ ያቆመውም ደክሞበታልና የእሱ ነው ልትሉ ነው?» አንልም። ፊደል ሲወስዱት ሰጪው ዘንድም ይቀራል፤ ሳባዊው ፊደሉን ስለተካፈልነው መጻፍ አላቆመም። ሐውልት ሲወሰድ ግን የነበረበት ቦታ ባዶውን ይቀራል። በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. እስኪቆም ድረስ የአክሱም ሰው ያየው ያንን ባዶ ቦታ ነበር። ስለዚህ መማርና መዝረፍ የሚለዩት ሰጪው ዘንድ በሚቀረው ነገር ነው።

ይህ ነገር የአክሱም ብቻ አይምሰለን። በደጎሎ ገበያ አንድ ጊዜ ዞር ዞር እንበል። ጤፉ እዚችው አገር የለመደ እህል ነው። ስንዴው ግን ጥንት ከመካከለኛው ምሥራቅ፣ ድንቹና በርበሬው ከአሜሪካ፣ ባሕር ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጡ ናቸው። የጃማ ገበሬ በመረሬው መሬት ላይ ስንዴውን ሲዘራ የውሃው መቆም ያስጨንቀዋል እንጂ የዘሩ አገር አያስጨንቀውም። «ንጹሕ የአገር ወጥ ብቻ!» የሚል ካለ ዕድሜውን በአልጫ ይገፋታል።

ስማችንስ? ቤተ አምሐራ ይባል የነበረው ምድር ዛሬ ወሎ ነው፤ ወሎ ደግሞ የኦሮሞ ጎሣ ስም ነው። በግእዝ የተሰየመችው መካነ ሰላም ያለችው ቦረና በሚባል ወረዳ ነው፤ ይህም የኦሮሞ ስም ነው፤ ሰዉ ግን የሚነጋገረው ባማርኛ ነው። ያ አማርኛም ግሱን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡን ያገኘው ከአገውና ከሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች ጋር አብሮ በመኖር ነው ይላሉ የቋንቋ ሊቃውንት።

እንግዲህ መዋስ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው አበዳሪውን መርሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ48 ዓ.ም. የጎል መኳንንት ወደ ሮም ሸንጎ አይግቡብን ባሉ ጊዜ፣ ቀላውዴዎስ ቄሣር «የጥንት ነገሥታታችንስ ከውጭ የመጡ አልነበሩምን?» በሚል ክርክር ሞገታቸው። ይኸው ቄሣር የኤትሩስካውያንን ታሪክ በ20 መጻሕፍት ጽፎ ነበር፤ መጻሕፍቱም ጠፉ፣ ቋንቋውም ጠፋ። ሮም ውርሱን ይዛ አውራሿን ቀበረች።

እኛስ? ባሕር ማዶ ስላለው አበዳሪ ሌሊቱን ሙሉ እንከራከራለን፤ ሳባዊው ዛሬ መጥቶ ዕዳዬን ክፈሉኝ አይለንምና ክርክሩ ይቀለናል። ድንበር ተጋርቶን የሚያርሰውን፣ ቃሉን በአፋችን፣ ስሙን በአገራችን ላይ የተወልንን ግን «መጤ» ለማለት አንደበታችን ይፈጥናል። «መጤ» እና «ባለአገር» በዘመናችን ስንቱን ከቤቱ ያፈናቀሉ ቃላት መሆናቸውን አይተናል። ስለ የሓ ድንጋይ የምንሰጠው መልስ ስለ ጎረቤታችን የምንሰጠውንም መልስ ያዘጋጃል፤ «የተቀበሉት የራስ አይሆንም» ያለ ሰው፣ ነገ «የመጣም ወገን አይሆንም» ማለቱ አይቀርም። እኛ የመጀመሪያይቱን አንቀበልም ያልነው ሁለተኛይቱን ስለምንፈራ ነው።